ፕሮቲን በሌዘር እየሞቀ ሲታጠፍ ይታያል ወይ? ለአንዲት የማስተርስ ተማሪ ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ትንሽ ተቀንሶ ይሄ ነው፦ «ባዮኬሚስትሪ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ስለ ፈጣን ፎልዲንግ (የፕሮቲን ሰንሰለት ወደ ቅርጹ መታጠፍ) ሳነብ ፕሮቲኑን በሌዘር በድንገት አሙቀው መታጠፉን በኢንፍራሬድ ያዩታል ይላል። ሙቀት ግን ፕሮቲን ያበላሻል እንጂ መች ያጥፋል? እንቁላል ሲቀቀል የምናየው እኮ እሱን ነው። ደሞ ዲፓርትመንታችን ኤፍቲአይአር (የኢንፍራሬድ ስፔክትረም የሚለካ) ማሽን አለው፣ አንድ ፐልስድ ሌዘር ብናገኝና ብንገጥምለት 20 አሚኖ አሲድ ያላት ትሪፕ-ኬጅ ላይ ቲሲሴን መስራት እችላለሁ ወይ?»

ሌዘሩ ፕሮቲኑን አያሞቅም፣ ውሃውን ነው የሚያሞቀው። ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ሳምፕሉ የሚዘጋጀው በከባድ ውሃ፣ ማለትም በዲቱኦ ነው፣ ዲቱኦ ደግሞ 1.9 እስከ 2 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን በመጠኑ ይውጣል፣ ፕሮቲኑ እዚያ ጋ የሚውጠው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የተለመደው አሰራር 1064 ናኖሜትር የሚሰጥ ኤንዲ-ያግ ሌዘር ወስዶ ብርሃኑን ከፍተኛ ግፊት ባለው የሃይድሮጂን ጋዝ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ ነው፣ ሃይድሮጂኑ ከእያንዳንዱ ፎቶን 4155 ዌቭነምበር (የብርሃን ጉልበት መለኪያ) ያህል ቆንጥሮ ይወስድና ቀሪው 1.9 ማይክሮሜትር ሆኖ ይወጣል። ፐልሱ 10 ናኖሰከንድ ያህል ነው የሚቆየው፣ ውሃው የዋጠው ጉልበት በፒኮሰከንዶች ውስጥ ተራ ሙቀት ይሆናል፣ ስለዚህ ፐልሱ ሲያልቅ ፕሮቲኑ ሳያስበው 10 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል፣ ቅርጹ ግን ገና የድሮው ነው። ከዚያ በኋላ ከአዲሱ ሙቀት ጋር እስኪስማማ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው የምንለካው።

ሂሳቡን በወረቀት ብትሰሪው ነገሩ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባሻል። ስፖቱ 1 ሚሊሜትር፣ ሳምፕሉ 100 ማይክሮሜትር ውፍረት ቢሆን የሚሞቀው 0.08 ማይክሮሊትር ነው፣ እሱን 10 ዲግሪ ለማሞቅ ውሃው 4 ሚሊጁል እንኳን የማይሞላ ጉልበት መዋጥ ይበቃዋል። ሌዘሩ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ መስጠት አለበት ምክንያቱም አብዛኛው ብርሃን ሳይዋጥ ያልፋል፣ ማለፉም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ከፊት ለፊት ቢዋጥ የፊቱ ሞቆ የኋላው ቀዝቃዛ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ እንቁላሉ። እንቁላል ነጩ 10 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው፣ ዋናው ኦቫልቡሚን 385 አሚኖ አሲድ ያለው ትልቅ ፕሮቲን ነው፣ አንቺም ለደቂቃዎች ነው የምትቀቅይው። እዚያ የምታዪው መፈታት ብቻ ሳይሆን የተፈቱት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተያይዘው መርጋታቸውን ነው፣ የማይመለሰው እሱ ነው። መፈታቱ ራሱ በብዙ ትናንሽ ፕሮቲኖች ላይ ይመለሳል፣ አንፊንሰን ራይቦኑክሊዬዝ የሚባለውን ፕሮቲን ፈትቶ እንደገና ራሱን ችሎ እንደሚታጠፍ በማሳየቱ ነው የ1972ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ከተካፈሉት አንዱ የሆነው። በሌዘር ሙከራው ሳምፕሉ ትንሽና ቀጠን ያለ ነው፣ የሚሞቀው ለሚሊሰከንዶች ነው፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ በሰከንድ 10 ጊዜ ይደገማል፣ በሺዎች የሚቆጠር ፐልስ ከተመታ በኋላም ስፔክትረሙ የመጀመሪያውን ካልመሰለ ያ ዳታ ይጣላል።

ቀጥሎ ያለው ትልቁ ስህተት ነው፣ ሲኒየር ተማሪዎችም ሲሳሳቱት አያለሁ። «አሞቅነው፣ ስለዚህ ያየነው መፈታትን ነው፣ የመታጠፍ ጊዜ ከዚህ አይገኝም» ይላሉ። ወይም ተቃራኒውን፣ የወጣውን ቁጥር እንዳለ ወስደው «የመታጠፊያ ጊዜው ይሄ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም። የሰርግ ቀን አስቢ፣ ሰው ከቤት ወደ ድንኳን ከድንኳን ወደ ቤት ሲመላለስ ይውላል፣ ቆጥረሽ ቢሆን ግን ቤት ያለው ቁጥር ብዙም አይቀያየርም። ድንገት ፀሐይ ከረር ሲል ቤት ውስጥ ያለው ይበዛል፣ ቁጥሩ አዲስ ቦታ ላይ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ የሚወሰነው በሚገቡት ብቻ ሳይሆን በሚወጡትም ፍጥነት ነው። ፕሮቲኖቹም እንደዚያው፣ በየትኛውም ሙቀት ላይ አንዳንዱ እየታጠፈ አንዳንዱ እየተፈታ ነው፣ የምትለኪው የሪላክሴሽን ፍጥነት የመታጠፊያውና የመፈቻው ፍጥነት ድምር ነው። ድምሩን ካወቅሽ ጥምርታውን ደሞ ከሌላ ሙከራ ካገኘሽ ሁለቱንም ለየብቻ ታወጫለሽ። ጥምርታውን የሚሰጥሽ ሌዘር የሌለበት፣ ቀስ እያልሽ እያሞቅሽ የምትሰሪው የመቅለጥ ከርቭ ነው። ለምሳሌ ግማሹ የታጠፈ ግማሹ የተፈታ በሆነበት ሙቀት ላይ 3 ማይክሮሰከንድ ሪላክሴሽን ብታገኚ፣ ሁለቱ ፍጥነቶች እኩል ስለሆኑ መታጠፊያው 6 ማይክሮሰከንድ ነው፣ መፈቻውም 6። 3 ብለሽ ብትጽፊ በእጥፍ ተሳስተሻል።

ይሄ ሐሳብ ከፕሮቲን ሰዎች የመጣ አይደለም። ማንፍሬድ አይገን ነው ሚዛን ላይ ያለ ሪአክሽን ትንሽ ገፋ አድርጎ እስኪረጋ ማየትን ያስተማረን፣ እሱ ያሞቀው በሌዘር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ፍሳሽ ነበር፣ በ1967 ከኖሪሽና ከፖርተር ጋር ኖቤል ወሰደ። ሌዘሩ ያመጣው አዲስ ነገር ከማይክሮሰከንድ ወደ ናኖሰከንድ መውረዱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሎስ አላሞስ ላይ እነ ዳየርና ውድሩፍ ከእነ ካለንደር ጋር ሆነው 21 አሚኖ አሲድ ያላት፣ ሄሊክስ (እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠማዘዘ ቅርጽ) የምትሰራ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር ሰንሰለት ላይ ሲሰሩት 28 ዲግሪ ላይ 160 ናኖሰከንድ አገኙ። ከዚያ በፊት የነበረው ስቶፕድ-ፍሎው ሁለት ፈሳሽ ቀላቅሎ ማየት እስኪጀምር ራሱ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ያኔ ሄሊክሷ ጉዳይዋን ጨርሳለች።

አንድ ትንሽ ማሳሰቢያ፣ ፍጥነቱ የሚመዘገበው በመጨረሻው ሙቀት ነው። ከ30 ወደ 40 ከዘለልሽ ቁጥሩ የ40 ዲግሪ ነው፣ የ30 ወይም የ35 አይደለም፣ ጥምርታውንም ከከርቩ ላይ 40 ጋ ነው የምታነቢው።

ለምን ኢንፍራሬድ? ፍሎረሰንስ (ሞለኪውል ብርሃን ውጦ መልሶ የሚያወጣው ብርሃን) ርካሽ ነው፣ ሲግናሉም ጥሩ ነው፣ ትሪፕ-ኬጅም ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ስላላት በ2002 መጀመሪያ የተለካችው በሱ ነው፣ 4 ማይክሮሰከንድ አካባቢ። ችግሩ ፍሎረሰንስ የሚነግርሽ ያቺ አንድ ትሪፕቶፋን አጠገቧ ማን እንዳለ ብቻ ነው። ኢንፍራሬድ ላይ የምናየው አማይድ ዋን የሚባለው ባንድ፣ ከ1600 እስከ 1700 ዌቭነምበር ያለው፣ የሰንሰለቱ አከርካሪ ላይ ያሉት የካርቦን-ኦክስጅን ቦንዶች ንዝረት ነው፣ ስለዚህ ምንም ነገር ሳትቀጥዪበት ሄሊክሱ ራሱ ሲፈታ ታዪዋለሽ። ዲቱኦ ውስጥ ውሃ የሚነካው ሄሊክስ 1632 አካባቢ ነው፣ ፕሮቲኑ ውስጥ የተቀበረው ደሞ 1650 አካባቢ፣ የተፈታው ወደ 1660 በኩል ሰፋ ብሎ ይመጣል። አፖማዮግሎቢን የሚባለው ፕሮቲን ላይ ሲሰራ ቆንጆ ነገር የታየው በዚህ ነው፣ ውሃ የሚነካው ሄሊክስ በናኖሰከንዶች ሲንቀሳቀስ የተቀበረው ማይክሮሰከንዶች ፈጀበት፣ አንድ ፕሮቲን ውስጥ። በፍሎረሰንስ ብቻ እሱን መለየት ከባድ ነው። ይሄም ካልበቃሽ አንዷን አሚኖ አሲድ በካርቦን 13 ምልክት አድርገሽ ማዘዝ ትችያለሽ፣ የሷ ባንድ 40 ዌቭነምበር ገደማ ዝቅ ብሎ ለብቻው ይወጣል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ተራ ውሃ የማንጠቀመው ደሞ ለቅንጦት አይደለም፣ የተራ ውሃ ሞለኪውል የሚተጣጠፍበት ንዝረት (ከፕሮቲኑ መታጠፍ ጋር አይገናኝም) 1645 ላይ ቁጭ ብሎ አማይድ ዋንን ይሸፍነዋል። የዲቱኦው 1200 አካባቢ ስለሆነ መንገዱን ይለቅልሻል። ለዚህ የምትከፍይው ዋጋ አለ። ፒኤች ሜትርሽ በዲቱኦ የሚያሳይሽ ቁጥር ላይ 0.4 መጨመር አለብሽ፣ የመቅለጫ ሙቀቱም ከተራ ውሃው ትንሽ ስለሚለይ ሲዲ (ሰርኩላር ዳይክሮይዝም፣ የሄሊክሱን መጠን በብርሃን የሚለካ ሌላ ዘዴ) በተራ ውሃ፣ ኢንፍራሬድ በዲቱኦ ሰርተሽ ሁለቱን ብታጣምሪ ጥምርታሽ የተሳሳተ ይሆናል። ሲዲውንም በዲቱኦ ስሪው።

አሁን ማንም ፔፐር ላይ በደንብ የማይጽፈውን ልንገርሽ፣ ስራውን የሚገድለው ሌዘሩ ሳይሆን ሳምፕሉ ነው። የምታዢው ፔፕታይድ ከፋብሪካ ሲመጣ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እሱ 1673 አካባቢ ትልቅ ሹል ፒክ አለው፣ አማይድ ዋንሽ ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ አንዳንዴ ከፔፕታይዱ ይበልጣል። ተማሪ ያንን አይቶ «ቤታ ሺት (ሌላው የተለመደ የፕሮቲን ቅርጽ) አገኘሁ» ሲል ሰምቻለሁ። መፍትሔው ቀጠን ባለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙቶ በፍሪዝ ድራየር ማድረቅ፣ ፒኩ እስኪጠፋ መደጋገም። ከዚያ በዲቱኦ አሟሙቶ ማድረቅ፣ ይሄንንም መደጋገም፣ 1550 አካባቢ ያለው አማይድ ቱ የሚባለው ሌላው ባንድ ወርዶ ወደ 1450 ካልሄደ የሃይድሮጂን ልውውጡ አላለቀም ማለት ነው። የሚሟሟው መጠን ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር ይበቃል፣ ለትሪፕ-ኬጅ በአንድ ሚሊሊትር 2 እስከ 4 ሚሊግራም ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ብታደርጊው ሲግናሉ ያምራል ግን ሞለኪውሎቹ መያያዝ ይጀምራሉ፣ 1615 እስከ 1620 ላይ ጠበብ ያለ ፒክ ብቅ ካለ እንቁላልሽን መቀቀል ጀምረሻል ማለት ነው፣ አቁሚ።

ሲግናሉም ትንሽ ነው። ለትሪፕ-ኬጅ የመፈቻው ኤንታልፒ (ለመፈታት የሚያስፈልገው ሙቀት) በሞል 50 ኪሎጁል አካባቢ ነው ብለን ብንነሳ፣ መካከለኛው ሙቀት ላይ እያንዳንዱ ዲግሪ ከሞለኪውሎቹ 1.5 በመቶውን ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ስለዚህ የ10 ዲግሪ ዝላይ 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ከታጠፈ ወደ ተፈታ ያሻግራል። በአብዞርባንስ (በሚዋጠው ብርሃን መጠን) ሲታይ የሺህኛ ቤት ለውጥ ነው። በዚያ ላይ ዲቱኦው ራሱ ሲሞቅ አብዞርባንሱ ይቀየራል፣ ብዙ ጊዜም የሱ ለውጥ ከፕሮቲኑ ይበልጣል። ስለዚህ ፕሮቲን የሌለበት ያው ባፈር (ማሟሚያው ፈሳሽ) በዚያው ሌዘር በዚያው ዝላይ ይለካና ይቀነሳል፣ የዲቱኦው ለውጥ ደሞ ጥቅም አለው፣ ስንት ዲግሪ እንደዘለልሽ የሚነግርሽ ቴርሞሜትር እሱ ነው። ሪፈረንሱን ሌላ ቀን የለካችውን አምጥታ የምትቀንስ ተማሪ ካለች የምታገኘው የሌዘሩን ስሜት መቀያየር ነው።

አረፋም አለ። ሳምፕሉ ውስጥ አየር ወይም ትንሽ ቆሻሻ ካለ የሙቀት ዝላዩ የሚፈጥረው የግፊት ሞገድ አረፋ ያስነሳል፣ ስክሪኑ ላይ ከርቩ ጥሩ እየሄደ ማይክሮሰከንዶቹ ላይ ሲደርስ ድንገት ይዘላል ወይም ጉብ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። አደገኛነቱ የትሪፕ-ኬጅ ጊዜ ላይ መውደቁ ነው፣ ኤክስፖኔንሺያል ብትገጥሚበት እሺ ብሎ ይገጥምልሻል፣ ቁጥርም ይሰጥሻል። የምትለይበት መንገድ ቀላል ነው፣ ዝላዩን ከ10 ወደ 5 ዲግሪ ቀንሺው፣ ፕሮቲን ከሆነ ከርቩ ያንሳል ጊዜው ግን ብዙም አይቀየርም፣ አረፋ ከሆነ ይጠፋል። ሳምፕሉን መጀመሪያ በሴንትሪፊውጅ ማዞርና አየሩን ማውጣት ደሞ ግዴታ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስመጣ፣ ኤፍቲአይአሩ ላይ ሌዘር መግጠሙን ተይው። ሳምፕሉ ሞቆ ለዘላለም አይቆይም፣ ሙቀቱ በካልሲየም ፍሎራይድ መስኮቶቹ በኩል ይሸሻል፣ በ50 ማይክሮሜትር ውፍረት 2 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ በ100 ደሞ 7 ገደማ ነው ያለሽ። የተለመደ ኤፍቲአይአር በፈጣን ስካን እንኳን አንድ ስፔክትረም ለማውጣት አስር ሚሊሰከንድ ቤት ይፈጅበታል፣ ማለትም መስታወቱ ሄዶ ሳይመለስ ሙከራው አልቋል፣ ትሪፕ-ኬጅ ደሞ ከዚያ በሺህ እጥፍ ቀድማ ጨርሳለች። ስቴፕ-ስካን የሚባል አለ፣ መስታወቱን በየነጥቡ እያቆመ ናኖሰከንድ ድረስ ይወርዳል፣ ግን በየነጥቡ ብዙ ፐልስ ስለሚፈልግ ሌዘሩ ለሰዓታት ሳይወላወል መቆየት አለበት፣ ሳምፕሉም እንደዚያው፣ የመምሪያ ማሽን ላይ ለማስተርስ የሚሞከር አይደለም። ይሄን ስራ የሚሰሩ ላቦች ኤፍቲአይአር ትተው አንድ ዌቭነምበር ላይ የቆመ ተከታታይ የኢንፍራሬድ ሌዘር ነው የሚጠቀሙት፣ ድሮ የሊድ-ሶልት ዳዮድ፣ አሁን ኳንተም ካስኬድ ሌዘር፣ ተቀባዩ በፈሳሽ ናይትሮጂን የሚቀዘቅዝ ፈጣን ዲቴክተር ነው (አገር ቤት ፈሳሽ ናይትሮጂን ስትይ ብዙ ሰው የከብት ማዳቀያ ነው የሚመጣለት)። በዚህ ላይ የደህንነቱ ጉዳይ አለ፣ 1064ም 1.9ም በዓይን አይታዩም፣ 1064ቱ ሬቲና ድረስ ገብቶ ያቃጥላል፣ የሃይድሮጂን ቱቦውም ጋዙ በብዙ አስር አትሞስፌር ታምቆ ነው ያለው። የሰለጠነ ሰው ሳይኖር የሚሞከር ነገር አይደለም፣ ቲሲሱ ይቅርብሽ እንጂ ዓይንሽ አይቅርብሽ።

ዘዴው ራሱም የማይደርስበት አለ። ከሚሊሰከንድ በላይ የሚፈጅ ፕሮቲን ሳይጨርስ ይቀዘቅዝብሻል፣ አንዴ ከሞቀ የማይመለስ ፕሮቲን ደሞ ጭራሽ አይሆንም። የምታገኚው የብዙ ትሪሊዮን ሞለኪውሎች አማካይ ነው፣ አንዷ ሞለኪውል በየት በኩል አልፋ እንደታጠፈች አይነግርሽም። ከላይ ያስረዳሁት የድምርና የጥምርታ ሂሳብም የሚሰራው ሁለት ሁኔታ ብቻ ካለ ነው፣ 1632 ላይ አንድ የሪላክሴሽን ጊዜ፣ ትሪፕቶፋኗ ላይ ደሞ ከሱ የተለየ ጊዜ ካገኘሽ ቀመሩን ዝም ብለሽ አትጠቀሚ፣ መሃል ላይ ሌላ ነገር አለ። አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሄን ሁሉ አያስቀርም ወይ የሚል ካለ አያስቀርም፣ እሱ የመጨረሻውን ቅርጽ ነው የሚተነብየው፣ በስንት ጊዜና በምን መንገድ እንደተደረሰበት አይደለም።

ስለዚህ የምመክርሽ፣ ሌዘር ፍለጋውን አቁሚና ያለሽን ኤፍቲአይአር እስከ መጨረሻው አሰሪው። ትሪፕ-ኬጅ ጥሩ ምርጫ ነች፣ ትንሽ ነች፣ በቀላሉ ትሟሟለች፣ መነሻዋም ጊላ ሞንስተር ከሚባለው እንሽላሊት ምራቅ የተገኘው ኤክሰንዲን-4 ስለሆነ ዲፌንስ ላይ ለመግቢያ የምትናገሪው አታጪም። አሲዱን አውጪ፣ በዲቱኦ ቀይሪ፣ ከ5 እስከ 85 ዲግሪ በየ5 ዲግሪው ስፔክትረም ውሰጂ፣ ማሽኑን በደረቅ አየር ወይም በናይትሮጂን በደንብ ንፊው ምክንያቱም የአየሩ እርጥበት ሹል ሹል መስመሮች አማይድ ዋን ላይ ይወርዱብሻል። እያቀዘቀዝሽም መልሰሽ ለኪ፣ ከርቩ ካልተገጣጠመ አይመለስም ማለት ነው። ያንኑ የፔፕታይዱ መጠን በአምስት እጥፍ ባነሰ ሳምፕል ድገሚው፣ የመቅለጫው ሙቀት ከተለወጠ እየተያያዘ ነው። ሲዲ ማሽን የሚያውሱሽ ካገኘሽ በዲቱኦ ጨምሪበት። ይሄ ብቻውን ሙሉ የማስተርስ ቲሲስ ነው፣ ጥምርታውም በእጅሽ ይገባል።

ድምሩን ለመለካት ግን ሌዘሩ ያለው ላብ ጋ ነው የምትሄጂው፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ሳምፕል ካለ ልኬቱ ራሱ ረጅም ጊዜ አይፈጅም፣ ጊዜ የሚበላው ዝግጅቱ ነው። ስትጽፊላቸው «ላባችሁን መጎብኘት እፈልጋለሁ» ብለሽ ብቻ አትላኪ፣ እንደዚያ ያለ ኢሜይል በየሳምንቱ ይመጣል። የማሞቂያውንና የማቀዝቀዣውን ከርቭ አንድ ላይ ያለበትን ስዕል፣ 1673 ላይ ምንም ፒክ የሌለበትን ስፔክትረም፣ የሁለቱን ኮንሰንትሬሽን ንጽጽር አያይዢ፣ በየትኞቹ ሁለት ዌቭነምበሮችና ከስንት ወደ ስንት ዲግሪ እንዲለኩልሽ እንደምትፈልጊ በአንድ አረፍተ ነገር ጻፊ። አድቫይዘርሽም ኮፒ ላይ ይግቡ።